ሜዳዩን አትፈትጉት፣ ወረቀቱንም ላሚኔት አታስደርጉት

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ብያለሁ ከጅማ።

የሚያዝያ 27ን በዓል አስመልክታችሁ ባወጣችሁት ጽሁፍ ላይ አንድ ወጣት የአያቱን የአርበኝነት ሜዳዮች በየዓመቱ ለበዓሉ በሎሚና በአመድ እየፈተገ እንደሚያበራቸው በኩራት ሲናገር አነበብኩ፣ እናንተም ጎበዝ ልጅ ብላችሁ አልፋችሁታል። ልጁ ክፋት የለውም፣ እንደውም ከብዙዎቻችን ይሻላል፣ ቢያንስ የአያቱ ሜዳይ የት እንዳለ ያውቃል። ግን ጽሁፉን ያየ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሎሚ እንዳይቆርጥ ስለፈራሁ ይቺን ደብዳቤ እባካችሁ አውጡልኝ።

እኔ የድሮ ጦር ነገር ነው ምሰበስበው፣ ሜዳይ፣ ኒሻን፣ የማዕረግ ኮከብ፣ የባርኔጣ አርማ፣ የደንብ ልብስ ቁልፍ ምናምን። ጅማ ደሞ ለዚ ነገር ሀብታም ከተማ ናት። ሰው ሚያውቃት በቡናዋና በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው እንጂ ጣሊያን እኮ የደቡብ ምዕራቡን ግዛት ከዚ ሆኖ ነበር ሚያስተዳድረው፣ ሰኔ 14 ቀን 1933 ከተማዋ ከእጁ እስክትወጣ ድረስ። አርበኛው፣ ጣሊያኑ፣ ባንዳው፣ እንግሊዞች ከቅኝ ግዛታቸው ይዘዋቸው የመጡት አፍሪካውያን ወታደሮች፣ ሁሉም በዚ በኩል አልፏል፣ ያለፈ ሰው ደሞ ምንም ሳይጥል አይሄድም። እስካሁን ድረስ የቤት መሠረት ሲቆፈር አምስት ጫፍ ያላት የጣሊያን ወታደር የኮሌታ ኮከብ ትወጣለች፣ ልጆች ይጫወቱባታል።

ወደ ፍተጋው ልመለስ። ሜዳዩ ላይ ምታዩት ጥቁር ነገር ቆሻሻ አይደለም። ብር ዘመን ሲቆይ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ሚያወጣው ቀለም ነው፣ እሱን በአመድ ስትፈትጉት ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን ብሩንም አብራችሁ ነው ምታነሱት፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተላጠ መጨረሻ ላይ ጽሁፉም ምስሉም ሙልጭ ይላል። ወርቅ ቅብ ከሆነማ አለቀ፣ ቅቡ ቀጭን ስለሆነ በሁለት ሦስት ፍትጊያ ከስር ያለው መዳብ ይወጣል። ባለ ቀለም ኢናሜል (እንደ መስታወት ሚያብረቀርቅ ቅብ) ያለበት ኒሻን ደሞ ሎሚም ሙቅ ውሃም ጠላቱ ነው። ምንም አታድርጉት። አቧራውን ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል፣ በቃ። ይልቅ የጅማን ክረምት ፍሩ፣ ሪባኑን ሻጋታ ሚበላው እሱ ነው፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ትንሽዬ ከረጢት አትጣሏት፣ አብራችሁ አስቀምጧት። ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ ማስቀመጥም ልክ አይደለም፣ እርጥበቱ እዛው ይታፈናል፣ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል።

ይሄ ሁሉ ግን ከሁለተኛው ነገር ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ዋናው ጉዳት ሜዳዩ ከባለቤቱ ስም ሲለይ ነው። የሰውየው ልጆች ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ሄደዋል፣ ሽማግሌው ያርፋሉ፣ ቤት ይጸዳል፣ ከሜዳዩ ጋር የተሰጠው የምስክር ወረቀት ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል፣ ብረቱን ወይ ቁራሌው በኪሎ ይወስደዋል ወይ ልዋጭ የፕላስቲክ ሳፋ ሰጥቶ ይሄዳል። እድለኛ ከሆነ ደላላ እጅ ገብቶ ቸርችል ጎዳና የቅርሳ ቅርስ ሱቅ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። እዛ ሄዳችሁ የማን ነው ብትሉ "የአንድ ደጃዝማች ነው" ይሏችኋል፣ ሁሉም የደጃዝማች ነው፣ ተራ ወታደር በዚች አገር ላይ ያልነበረ ይመስል።

የሌሎቹን አገር ስታዩት ይገርማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እዚ ለተዋጉት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች የተሰጠው አፍሪካ ስታር የተባለው ሜዳይ ከጀርባው የወታደሩ ቁጥርና ስም ተቀርጾበታል፣ ዛሬ አንዱን ብታገኙ ሰውየው የት ክፍል እንደነበረ ድረስ ትደርሱበታላችሁ። እንግሊዞች ራሳቸው ለራሳቸው ሰው የሰጡት ግን ስም የለውም። የኛም አብዛኛው ስም አልተቀረጸበትም። የአርበኝነት ሜዳይ ሪባኑ ላይ ያለው የዘንባባ ቅርጽ ምልክት ሰውየው ስንት ዓመት በዱር እንደቆየ ይናገራል እንጂ ማን እንደሆነ አይናገርም። ስለዚ የኛ ሜዳይ ስሙ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው፣ ወረቀቱ ከጠፋ ደሞ ፎቶው ላይ፣ ፎቶው ከጠፋ ያው በቤተሰቡ አፍ ላይ ብቻ ነው ሚቀረው። ሣጥኑንም አትጣሉ፣ ክዳኑ ውስጥ አዲስ አበባ የነበረው የአርመናዊው ወርቅ ሠሪ የሴቫጂያን ስም ወይም የለንደኑ ጌጣጌጥ ቤት የማፒን ኤንድ ዌብ ስም ታትሞ ታገኛላችሁ፣ እውነተኛነቱን ለመለየት ትልቅ እርዳታ ነው።

ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ነገር ካነሳን በጣም ነው ሚያናድደኝ። ከ1943 ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት ልጆቻችን ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው የተዋጉት፣ እና በየቤቱ ቀይ ክብ ላይ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘን ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙበት የጨርቅ አርማ ታገኛላችሁ፣ የዛ ክፍለ ጦር የትከሻ ምልክት ነው፣ ሰው ግን የስፖርት ክለብ ይመስለዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰጣቸው ሜዳይ ደሞ ነጭና ሰማያዊ ሽንትር ያለው ሪባን ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ለዘማቾቹ በየቋንቋቸው ነበር የተሠራው፣ የግሪክ አለ፣ የቱርክ አለ፣ የታይላንድ አለ፣ የኛም አለ፣ ከላይ ያለችው ብረት ላይ ኮሪያ ተብሎ በፊደላችን ተጽፎባታል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ የውጭ ሰብሳቢ በባትሪ ነው ሚፈልገው። እዚ ከተማ ውስጥ ይሄንኑ ሜዳይ የልብስ ሳጥን ቁልፍ ያሰረችበት እናት አይቻለሁ፣ የአባቷ ነው፣ ኮሪያ መዝመቱን ታውቃለች፣ ብረቱ ከዛ የመጣ መሆኑን ግን የነገራት የለም። አልገዛኋትም። የአባቷን ስምና ሻለቃውን ወረቀት ላይ ጽፈን አብረን አስቀመጥነው፣ ለቁልፉ ሌላ ገመድ ፈለግንለት።

መሸጥ ነውር ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ፣ ሰው ይቸግረዋል፣ እኔም ገዝቻለሁ፣ ወደፊትም እገዛለሁ። ምለው ስትሸጡ ስሙን አብራችሁ ስጡ፣ ፎቶ ካለ ኮፒ አድርጋችሁ ስጡ። ለቱሪስት መስጠት ግን ሌላ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል፣ ኤርፖርት ላይ ተይዞ ሲወረስ ሰውየውም እናንተም ትከስራላችሁ።

ፎርጅዱም በዝቷል። ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ወስደው በማቅለጥ ሚሠሩት ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚሸማቀቅ በመጠን ትንሽ ያንሳል፣ ፊቱም በጉሊ መነጽር ሲታይ ብጉር ብጉር ይላል። ፊደሉን ደሞ እዩት፣ ውጭ አገር የተሠራ ፎርጅድ አማርኛውን እንደ ሥዕል ነው ሚገለብጠው፣ ሀ እና ሁ አይለይም፣ ይሄን ፈረንጅ ሰብሳቢ አያይም እኛ ግን ወዲያው እናያለን። ሪባኑን ባንክ ቤት ብር ሚመረምሩበት ወይንጠጅ መብራት ስር አድርጉት፣ በደማቁ ነጭ ሆኖ ካበራ አዲስ ክር ነው ማለት ነው። ኧረ ቆይ፣ በኦሞ የታጠበም ያበራል፣ የሳሙናው ማንጫ ነው፣ ስለዚ እሱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

ሰዎች "የፋሽስት አርማ ቤትህ ምን ይሠራልሃል" ይሉኛል። ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም፣ ካርቶን ውስጥ ነው ያለው፣ ግን አልጥለውም፣ ምክንያቱም እዚች ከተማ ማን እንደነበረ ሚመሰክር ሌላ ነገር ብዙም አልቀረንም። የኛው ራሱ ስንቱ ጠፍቷል። በ66 ዘውድ ያለበት ነገር መያዝ ስላስፈራ ስንቱ ጓሮ ተቀበረ፣ በ83 ደሞ የደርግ ወታደር የነበረው ሁሉ የማዕረግ ምልክቱን ወንዝ ወረወረ። በሁለቱ መሀል የተረፈውን ነው አሁን በሎሚ ምንጨርሰው።

ጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን እቃዎች ይዟል፣ ከጎኑ አንዲት የመስታወት ሳጥን ለአርበኞቹና ለዘማቾቹ ቢሰጥ፣ ቤተሰብ በውሰት ቢያመጣ፣ ከእያንዳንዱ ስር ስምና የትውልድ ቀበሌ ቢጻፍ ብዙ ወጪ ሚጠይቅ አይመስለኝም። ወረቀቱን ግን ከማምጣታችሁ በፊት እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉት። ፕላስቲኩ በሙቀት ነው ሚጣበቀው፣ አንዴ ከተጣበቀ ወረቀቱን ሳይቀዱ ማላቀቅ አይቻልም፣ ማኅተሙም ይደበዝዛል። ስካን አድርጉት፣ ዋናውን ንጹህ ወረቀት መሀል አስተኙት።

ቤቱ ያለውን ነገር ምንነት ማወቅ የሚፈልግ ካለ የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ በጋዜጣችሁ በኩል ይላክልኝ፣ ምን እንደሆነና የየት ዘመን እንደሆነ በምችለው በነጻ እመልሳለሁ። ስንት ያወጣል ለሚለው ግን መልስ የለኝም፣ ዋጋ ከጠራሁ ጎረቤቶቼ ደላላ ነው ማለት ይጀምራሉ።

አንባቢያችሁ
ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ