ያጠገብሽው እሬት

ለልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። እኛ ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ። የላክሽውን ፎቶ አይቼ ሳቅሁ፣ አትቀየሚኝ። «እማ፣ በየቀኑ እያጠጣሁት ሞተብኝ» ትያለሽ። እኮ በየቀኑ ስላጠጣሽው ነዋ የሞተው!

እሬት ሲጠማው ቅጠሉ ይቀጥናል፣ ይቀላል። ያኔ ውሃ ስታገኚለት መልሶ ይሞላል። ያንቺ ግን ቢጫ ሆኖ ላሽቋል፣ ግርጌውም ጠቁሯል። ይሄ ጥም አይደለም፣ ጥጋብ ነው። ሥሩ በስብሷል፤ ጣይው።

ግብርና የሚሠራው የጎረቤታችን ልጅ በአገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዓይነት አለ ይላል። እሬት ቀን በፀሐይ ትንፋሹን ይዘጋል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍታል አለኝ። እኔ ይህን ባላውቅም ጉልበቱን አውቃለሁ። በ1977 ጓሮው ሁሉ ሲራቆት አጥሩ ሥር አረንጓዴ ሆኖ የቀረው እሱ ነበር።

አንቺማ ቂም ሳይኖርሽ አይቀርም፤ ጡት ያስጣልኩሽ በእሬት ነው። ቀምሰሽ ያየሽኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም።

ከእናቲቱ ግርጌ የበቀሉ 3 ትንንሾች ነቅዬልሻለሁ። ቁስላቸው እስኪደርቅ አራት ቀን ጥላ ውስጥ አቆየኋቸው፤ በእርጥቡ ከተተከሉ ይበሰብሳሉ። የዘይቱን ጀሪካን ቁረጪና ታቹን አምስት ስድስት ቦታ በሚስማር ብሺው። ጥቁር አፈር ብቻውን እንዳትሞይበት፣ ውሃ ይይዛል። ግማሹን አሸዋና ጠጠር አድርጊው። ከተከልሽ በኋላ ሳምንት አትንኪያቸው። ከዚያ በበጋ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ እሱም ጣትሽን ሰደሽ አፈሩ ደርቆ ካገኘሽው። ክረምት ላይ ዝናቡ ይበቃቸዋል። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ስጫቸው፤ የኮምቦልቻ ቀትር ለጨቅላ ይከብዳል። ደግነቱ እንደ ደሴ በኅዳር ውርጭ የማዳበሪያ ጆንያ ስታለብሺ አታመሺም።

አበባ ዘንድሮ አትጠብቂ፣ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። የኛው ግን ብርቱካንማ ዘንጉን አውጥቷል። ያቺ ምንቃረ ረጅሟ ወፍ ከንጋት ጀምሮ አትለቀውም። ቡናውን አሁን በረንዳ ላይ ነው የማፈላው። አባትሽ «ለእሷም አቦል ቅጂላት» እያለ ይቀልዳል።

ሐሙስ በሚኒባስ እልካቸዋለሁ፤ ከሰዓት መናኸሪያ ወጥተሽ ተቀበይ። በጋዜጣ ጠቅልያቸዋለሁ። ጠውልገው ብታያቸው አብሽሪ፣ አልሞቱም። ጆጉን ብቻ ደብቂው።

እናትሽ
ከደሴ