ይድረስ ለአባቴ፣ ከላማሌራ

አባዬ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔም ልጆቹም አባታቸውም ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን የሚያነብልዎ ወንድሜ ስለሆነ ለእሱም አንድ ቃል አለኝ። እንዳለ አንብብለት። የከበደህን መስመር እየዘለልክ «ሰላም ብላለች» ብለህ እንዳትገላገል። አመልህን አውቀዋለሁ።

የዓይንዎ ሞራ ብሷል አሉኝ። ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ማለትዎንም ሰማሁ። አባዬ፣ ሞራ ዛሬ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ገብቶ በዚያው ቀን ቤት መመለስ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ የሆድዎ ነገር ነው። ደሴ የታዩ ዕለት ሐኪሙ ምን አለ ብዬ ስጠይቅ «ያው እርጅና ነው» ይሉኛል። እርጅና እህል ያስጠላል እንዴ? ፎቶው ላይ ኮቱ እንዴት እንደሰፋዎ አይቻለሁ።

ለማንኛውም፣ ያለሽበትን አገር ንገሪኝ ብለው ልከውብኛልና ልንገርዎ።

መንደራችን ላማሌራ ትባላለች፣ ደሴቷ ሌምባታ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከፍሎሬስ ደሴት በስተ ምሥራቅ ናት። ከከተማው ከሌዎሌባ ተነስተው ተራራውን ዞረው ወደ ደቡቡ ባሕር ይወርዳሉ፤ መንገዱ ወገብ ይቆርጣል። አገሩ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። በሰሜን ያለው ተራራ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2013 ፈንድቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ደግሞ አውሎ ነፋስና ጎርፍ መጥቶ በዚያ በኩል ብዙ ሰው ፈጀ። እኛ ደቡብ ነን፣ ተርፈናል። መሬታችን ግን ድንጋይ ነው። እርስዎ ቢያዩት «ይሄ ለፍየልም አይሆን» ይሉ ነበር።

ስለዚህ ሰው የሚኖረው ከባሕር ነው። ዓሣ ነባሪ ያድናሉ፣ ያንን ጥርሳሙን። ሰማያዊውን አይነኩትም፣ ነውር ነው። የጥንቶቹ ጀልባዎች ምስማር የላቸውም፤ እንጨቱ በእንጨት ችንካር ነው የሚያያዘው። ዛሬ ጆንሰን የሚሏት ባለሞተር ጀልባ ቀድማ ትጎትታቸዋለች። ዓሣ ነባሪ ባሕሩ ላይ የታየ እንደሆነ «ባሌዎ!» የሚል ጩኸት ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ሰው የጀመረውን ጥሎ ወደ ባሕሩ ይሮጣል። ጦረኛውን ላማፋ ይሉታል። ጦሩን ወርውሮ አይቆምም፤ ረጅሙን የቀርከሃ ዘንግ ጨብጦ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ራሱ ይዘላል። የሚወጋው በገላው ክብደት ነው። በፈረንጆች 1994 ዓሣ ነባሪ ጀልባዎች ጎትቶ ወስዶ፣ ሰዎቹ በስንት ጭንቅ በመርከብ ተረፉ። እስከ ዛሬ ይወራል። ባለቤቴ ቀዛፊ ነው። ቀዛፊም ይሞታል።

ሥጋው ሲከፋፈል ቢያዩት ቅርጫ ነው የሚመስልዎት። ልዩነቱ እዚህ መደቡ ከአያት ቅድመ አያት የታወቀ መሆኑ ነው። የጀልባ ሠሪው ድርሻ አለው፣ የአንጥረኛው አለው፣ የየጎሣው አለው። ባል የሞተባትና አባት የሌለው ልጅም ባዶ እጁን አይመለስም። ከዚያ ሥጋው በቀጭኑ ተሰንጥቆ የቀርከሃ ቆጥ ላይ ይሰጣል። ከሥር የተፈለጠ ቀርከሃ ይዘረጋል፣ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ እዚያ ይጠራቀማል። ሽታው መጀመሪያ አስለቅሶኝ ነበር። አሁን ባይሸተኝ «ምን ጠፋ» እላለሁ። ያመሰኳል ወይ ብለው እንዳይጠይቁኝ። በጾም አልበላም፣ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማቴ ጋር ዉላንዶኒ ገበያ እንሄዳለን። ገንዘብ ብዙም ቦታ የለውም፤ የባሕሩ ሰው ሥጋና ዓሣ፣ የተራራው ሰው በቆሎ፣ ሙዝና ካሳቫ ይዞ ይመጣል፣ ይለዋወጣል። ፊሽካ ሳይነፋ ማንም አይጀምርም። ሴቶቹ ሸክማቸው ጭንቅላታቸው ላይ ነው። እኔ በጀርባዬ እንስራ የለመድኩ ስለሆንኩ አንገቴ እምቢ አለ፤ በአንቀልባ ሳዝለው ይስቁብኛል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። እዚህ ለሙሽራ ቤተሰብ የሚሰጠው ጥሎሽ የዝሆን ጥርስ ነው። ዝሆን ግን በደሴቷ የለም! ጥርሱ ድሮ በንግድ የገባ ነው፣ ከቤት ቤት ይዞራል። አማቴ እስከ ዛሬ «የአባትሽ ዕዳ አለብን» ትላለች። ሽማግሌ አልተላከልኝም ብለው ያኮረፉትን አልነገርኳትም። ዕዳ እንዳለባት ራሷ ታውቃለች፣ ይበቃል።

ልጆቹ አድገዋል። ትንሿ እንዝርት ይዛ አያቷ ሥር ትውላለች። ትልቁ ዘንግ ይዞ ከድንጋይ ላይ እየዘለለ የሙዝ ግንድ ሲወጋ ይውላል። ላማፋ እሆናለሁ ይላል። አባቱ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ትምህርቱን ሳይጨርስ ጀልባ ላይ እግሩን አያሳርፍም ብያለሁ። ልጅ በልጅነቱ ወደ ትልቅ ሰው ሥራ አይላክም ብዬ ጮህኩ። ቤቱ ዝም አለ።

አማቴ ነገሩን ጠረጠረች። አደኑ የሚጀምረው በእነሱ ሜይ 1 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 23፣ ጊዮርጊስ። ከዚያ በፊት ለሞቱት ይጸለያል፣ ሻማ ባሕሩ ላይ ይለቀቃል፤ በማግስቱ ቄሱ ጀልባዎቹን ይባርካሉ። ካቶሊኮች ናቸው፤ በፈረንጆች 1920 በመጣው ጀርመናዊ ቄስ፣ በበርናርዱስ ቦዴ ጊዜ ነው አብዛኛው የተጠመቀው። ግን የቆየ ሕጋቸውም አለ። ቤት ውስጥ ቅሬታ ተይዞ ባሕር አይገባም። ሚስት አኩርፋ ከሆነ ጦሩ ይስታል፣ ገመዱ ሰው ይጠልፋል ይላሉ። «በሆድሽ የያዝሽው ካለ ከሰኞ በፊት ተናገሪ» አለችኝ። ባሌ ላይ የለኝም አልኳት። «ሌላ ሰው ላይስ?» አለች።

አባዬ፣ ያኔ 16 ዓመቴ ነበር። ፓስፖርቱ 24 አለ።

ደላላውም፣ መታወቂያውን ያወጣው ሰውዬም ለገንዘባቸው ነው ያደረጉት። እነሱን ረስቻቸዋለሁ። እርስዎ ግን አውራ ጣትዎን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ቤት ተመልሰው ቡና ሲጠጡ ጣትዎ ገና ሐምራዊ ነበር። ነጩ ስኒ ላይ አሻራዎ ቀረ። ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ቶሎ አልለቀቀም።

የእማዬ ሕክምና ዕዳ እንደነበረ አውቃለሁ። ቆርቆሮው በእኔ ብር መመታቱም ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። የዚያችን ቤት እመቤት፣ የቆለፈችብኝን በር፣ እሱን እዚህ አላነሳም። ወንድሜ «አባዬ ማንበብ አይችልም፣ የተጻፈውን አላወቀም» ይለኛል። እርስዎ ግን አንድም ቀን አላወቅሁም ብለውኝ አያውቁም። 24 ሲባል ሰምተው ነበር? ይችን ነው የምጠይቅዎ። አዎ ካሉም ልጅነቴን አልክድም።

ዘንድሮ አልመጣም። ቲኬቱ ከሌዎሌባ ኩፓንግ፣ ከኩፓንግ ጃካርታ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ነው፣ ይከብዳል። የልጆቹ ወረቀትም አላለቀም። አደኑም እስከ ጥቅምት ነው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ቲኬቱ ቢገኝም እግሬ አይነሳልኝም። መጥቼ አልጋ ላይ ባገኝዎ ይህን ልጠይቅ አልችልም፤ በሽተኛ አይወቀስም። ስቄ፣ ጉልበትዎን ስሜ፣ ይዤው ልመለስ ነው። እንደዚያ ከሚሆን አሁን፣ ድምፅዎ እያለ ጠየቅሁ። ይቅር ይበሉኝ አልልም። ይመልሱልኝ።

እሁድ ይደውሉ። እናንተ ጋ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እኛ ጋ መሽቷል፤ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ወደ ላይ ወጥቼ እጠብቃለሁ። የደሴው ሐኪም ያለውንም እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ፣ መጥፎም ቢሆን። ከሰው ከምሰማው ከእርስዎ ይሻለኛል። ወደ ሐይቁ ዳር ደግሞ ብቻዎን አይሂዱ፣ በዚያ ዓይንዎ። የላክሁት ብር ለሕክምናው ነው። በሬ እንዳይገዙበት።

ልጅዎ