ድቡን ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ቆምን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ሐምሌ ላይ እህቴ ጋ ስዊዘርላንድ፣ በርን ሄጄ ነበርና የድብ ፓርኩን አሳየችኝ። ድብ እኛ አገር የለም፣ በፊልም ነው የማውቀው፣ ስልኬን ደግኜ ገባሁ ግን ድብ የሚባል ነገር አይታይም! 6000 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን ዳገት፣ ዛፍና ቁጥቋጦ የሞላበት፣ ከስር አሬ ወንዝ፣ ግማሽ ሰዓት ቆመን ተስፋ ቆርጠን ልንሄድ ስንል አንዱ ከቁጥቋጦው ወጣና ቀስ ብሎ ወርዶ ውሃው ውስጥ ዘፍ አለ፣ ሲወጣ ያን ፀጉሩን ሲያራግፈው ያጀብ ነው!

አጠገቡ የድሮው ጉድጓድ አለ። ፓርኩ በ2009 (በፈረንጆቹ ነው) እስኪከፈት ድረስ ድቦቹ እዛ ውስጥ ነበሩ፣ ከ1857 ጀምሮ፣ ሰው ከላይ ቁልቁል እያያቸው። እዛ ቆሜ ትዝ ያለኝ ልጅ ሆኜ ደሴ አንድ ሆቴል ግቢ ያየሁት ዝንጀሮ ነው፣ ወገቡን በሰንሰለት ታስሮ ሲዞር ሲዞር መሬቱ በክብ ተልጦ ነበር። እኛ ደግሞ የሙዝ ልጣጭ እየወረወርን እንስቃለን፣ አላህ ይቅር ይበለን።

እና ልለምናችሁ የፈለግኩት፣ ቦረና ሳይንት ፓርክ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው፣ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ያለ አጥር የሚኖሩበት። ከኮምቦልቻ በምን እንደሚኬድ፣ የት እንደሚታደር፣ ጋይድ ከየት እንደሚገኝ አንድ ቀን ዘርዘር አድርጋችሁ አውጡልንማ፣ ልጆቹ ከአሁኑ መቼ ነው እያሉ ጨቅጭቀውኛል።