ፎሊክ አሲድ ለእናቶች የሚደርሰው ዘግይቶ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል የማገለግል አዋላጅ ነርስ ነኝ። የራስ ቅላቸው ሳይገጥም ወይም ኅብለ ሰረሰራቸው ተከፍቶ የሚወለዱ ሕፃናት በዝተዋል ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ከጭማሪው ከፊሉ አልትራሳውንድ በመስፋፋቱና ከጤና ጣቢያ ወደ እኛ የሚላኩ እናቶች በመብዛታቸው የመጣ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶች ከ10,000 ወሊዶች ከ100 በሚበልጡት ላይ ይህን ችግር ማግኘታቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዱቄት በፎሊክ አሲድ (ይህን የአፈጣጠር ችግር ለመከላከል በሚረዳው ቫይታሚን) እንዲበለጽግ ባስገደደችው አሜሪካ ግን ቁጥሩ ከ10 በታች መሆኑ፣ ነገሩን በዚህ ብቻ እንዳናልፈው ያስገድደናል።

የፅንሱ ኅብለ ሰረሰር የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀናት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ለእርግዝና ክትትል የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአራተኛው ወር በኋላ በመሆኑ፣ ያኔ የምንሰጣት ፎሊክ አሲድ ያለበት የብረት ክኒን ለደም ማነስ ይጠቅማታል እንጂ የሕፃኑን አከርካሪ አይታደግም። ራስ ቅሉ ያልገጠመው ሕፃን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ያርፋል፤ እናቲቱም «ምን በድዬ ነው?» እያለች ትጠይቀናለች። ምንም አልበደለችም።

በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ መወሰኑ ተገቢ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ጤፉን፣ በቆሎውንና ማሽላውን በሰፈር ወፍጮ የሚያስፈጨው የገጠር ቤተሰብ ከፋብሪካ ዱቄት የሚያገኘው ጥቂት ነው። ጨው ግን የማይገባበት ቤት የለም፤ አዮዲን እንዲጨመርበትም ካስገደድን ዓመታት ተቆጥረዋል። ፎሊክ አሲድንም በዚያው ጨው ለማድረስ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ቁርጥ ያለ የጊዜ ሰሌዳ እንዲያወጡ እጠይቃለሁ።

እኛም በየሆስፒታላችን ልናስተካክለው የሚገባ ነገር አለ። እንዲህ ያለው ሕፃን ሕይወቱ አልፎ ሲወለድ በመዝገባችን ላይ «ሞቶ የተወለደ» ከሚለው ምልክት በቀር የአፈጣጠሩ ችግር ሳይጻፍ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በዚህ ዓይነት መዝገብ ችግሩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ መናገር አይቻልም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ፣ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕፃን የወለደች እናት ዳግም ለማርገዝ ስታስብ ከመደበኛው አሥር እጥፍ የሚሆን፣ በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝናው አስቀድማ መጀመር እንዳለባት ሳይነገራት ከሆስፒታል መሰናበቷ ነው። ይህን በመሰናበቻ ወረቀቷ ላይ ለመጻፍና ለባለቤቷም ጭምር ለማስረዳት ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም፤ ከዛሬ ጀምሮ ሊደረግ የሚችል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አዋላጅ ነርስ