እረኛውን ማን በላው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሄሬራሳውረስ፣ ስለዚያ ጥንታዊ ሥጋ በል ዳይኖሰር ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። «እ.ኤ.አ. በ1963 ሳይንቲስቶች አርጀንቲና ውስጥ አገኙት» ይላል። የአውሬውን ስም በየአንቀጹ ስትጠሩ፣ ስሙ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው በመካከላችሁ ጠፋ?

ሄሬራ ሰው ነው። ቪክቶሪኖ ሄሬራ የሚባል ፍየል ጠባቂ ነበር። በሳን ሁዋን ግዛት፣ በኢስቺጉዋላስቶ ደረቅ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1959 አጥንቶቹን ያየው እሱ ነው። 1963 ተመራማሪው ኦስቫልዶ ሬይግ ለእንስሳው ስም ያወጣበት ዓመት ነው። ሬይግ በእረኛ ስም ሲሰይመው ክብሩ አልተቀነሰበትም። ታዲያ እረኛውን ከዘገባው ማን በላው? ዳይኖሰሩ ነው እንዳልል 231 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይለያያሉ።

«እረኛው አየ እንጂ ምን እንደሆነ መች አወቀ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አላወቀም። ሊቃውንቱስ ቢሆኑ? በእጃቸው የነበረው ጎዶሎ አጽም ነው፤ የራስ ቅሉ እንኳ በወጉ አልተገኘም። ስለዚህ ከየትኛው ወገን እንደሚመድቡት ለዓመታት ተከራከሩ፤ ከባለ ረጅም አንገቶቹ ቅጠል በሎች ጋር ያዛመዱትም ነበሩ። ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካዊው ተመራማሪ የፖል ሴሬኖ ቡድን ከነራስ ቅሉ ሌላ አጽም ሲያገኝ ነው። በዚያ ሸለቆ ዝናብና ነፋስ መሬቱን ሲሸረሽሩ አጥንት ብቅ ይላል፤ በጊዜው ያየው ከሌለ ያው ዝናብ ሰባብሮ ይወስደዋል። ቀኑን ሙሉ ከፍየል ኋላ መሬት መሬቱን እያየ የሚሄድ ሰው ካላየው ማን ሊያየው ነው?

እኔን የሚቆጠቁጠኝ በራሴ ስለ ደረሰ ነው። በጀማ ሸለቆ ከብት ስጠብቅ ለጥናት የመጡ እንግዶችን በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል ወደሚታይበት ገደል መርቼ ወሰድኳቸው። ከዓመታት በኋላ ያሳተሙት ጽሑፍ እጄ ገባ። ፎቶው ላይ ከድንጋዩ ጎን የእኔ ዱላ ለመጠን ማሳያ ተጋድሟል፤ ጫፉ ላይ በቢላዋ የቀረጽኩት መስቀል ሳይቀር ይታያል። ከሥሩ «የጥናት ቡድኑ ያገኘው» ተብሏል። ዱላዬ ሳይንስ ውስጥ ገባ፤ እኔ ደጅ ቀረሁ።

እንዲህ መሆን ግን የለበትም። በአፋር፣ በወራንሶ ሚሌ የተገኘውን የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የቀደምት ሰው ዘር የራስ ቅል የመጀመሪያ ቁራጭ፣ የላይኛውን መንጋጋ፣ ያየው የአፋሩ አሊ በረይኖ ነው። ጥናቱን የመሩት ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴና ባልደረቦቻቸው ይህን ለዓለም ሲናገሩ አልከበዳቸውም።

ማስተካከያ የምታወጡ ከሆነ «ሳይንቲስቶች» ያላችሁትን ሰርዛችሁ ቪክቶሪኖ ሄሬራ ብላችሁ ሙሉ ስሙን ጻፉ። አፉን ለከፈተ አውሬ ግማሽ ገጽ የተገኘለት ጋዜጣ ለሁለት ቃል ቦታ አያጣም።

የቀድሞ እረኛ፣ ከሰሜን ሸዋ