ክለቡ ከተቋቋመ አይቀር፣ ማንበብ ያቃታቸውንም ልጆች ይያዝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሰሞን አንድ የከተማዬ ሰው በዚሁ አምድ የጻፈውን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ጅማ ውስጥ ጥቂት ሐኪሞች፣ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የቡና ነጋዴዎችና እንደኔ ያሉ ባለሱቆች ተሰባስበን እንደ ሮታሪና እንደ ላየንስ ያለ፣ አባላቱ በበጎ ፈቃድ ለሕዝብ የሚሠሩበት የአገልግሎት ክለብ እናቁም እየተባባልን ነው። (ክለብ ስል የኳሱን አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ከበላ ወዲህ እዚህ ከተማ ክለብ ያለ ሰው ሁሉ ስለ ኳስ የሚያወራ ነው የሚመስለው።) ምን እንስራ ሲባል ሁለት ሐሳብ ወጣ። አንዱ የተማሪ ልውውጥ ነው፤ ልጆቻችን ውጭ ሄደው እንዲማሩ፣ የውጭዎቹም እኛ ጋ መጥተው እንዲቀመጡ። ሌላው ትምህርት አልገባ የሚላቸውን፣ በተለይ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች መርዳት። ጸሐፊው የመጀመሪያውን አጨብጭቦ ተቀብሎ ሁለተኛውን ግን የሰነፍ ድጎማ አድርጎ ነው ያቀረበው።

እኔ አልስማማም። ልውውጡን ስለምጠላ እንዳይመስላችሁ። እወደዋለሁ፣ ወደሱ እመጣለሁ።

እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። መስከረም ላይ ወላጅ ሁሉ እኔ ጋ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ላጲስ፣ የሀሁ ሰሌዳ፣ የቁቤ (ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ሰሌዳ። ለአንድ ልጅ ሦስተኛ የሀሁ ሰሌዳ የሚገዛ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አያለሁ። የድሮው ተቀዶ አይደለም። ልጁ ፊደሉ አልያዝ ብሎት ነው፤ አባትየው ደግሞ ጥፋቱ የሰሌዳው ይሆናል ብሎ ተለቅ ያለ፣ ስዕሉ ደመቅ ያለ ካለህ ይለኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መገመት አያቅትም። ኩርኩም ነው፣ ጸበል ነው፣ ዱዓ ነው፣ መጨረሻ ላይ «ይሄ ልጅ ትምህርት አልተጻፈለትም» ነው።

የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት። ጥንቅቅ አድርጋ «ታነባለች»። መጽሐፉን ገልብጬ ስሰጣት ግን ያንኑ ገጽ አንድ ቃል ሳትስት ትለዋለች፤ ክፍል ውስጥ ሌሎቹ ሲያነቡ ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች ማለት ነው። እስቲ አስቡት፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያላትን ልጅ ሰነፍ ማለት ይቻላል? ትምህርት ቤቷ ግን ብሏታል፤ ኋላ ወንበር ላይ ወስዶ አስቀምጧታል። በመምህሯ አልፈርድም። ያን ሁሉ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አፍኖ የያዘ ሰው አንዷን ለይቶ «አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» የሚልበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ቢልስ ምን ያድርግላት? ማን አስተማረው?

ዲስሌክሲያ የሚሉት፣ ማንበብን የሚያከብድ ነገር አለ። ከልጁ የማሰብ ችሎታ ጋር ግንኙነት የለውም። ችግሩ ያለው በአብዛኛው የቃሉን ድምፅ ሰነጣጥቆ ከፊደሉ ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። በዘር የመሄድ ነገር አለው፤ አባትየውን «አንተስ ልጅ ሆነህ እንዴት ነበርክ?» ብትሉት ብዙ ጊዜ ፈገግ ይላል። ከቁጥር ጋር እንዲሁ የሚጣሉም አሉ፣ እሱ ዲስካልኩሊያ ይባላል። በኪኒን የሚድን ነገር አይደለም። ነገር ግን ድምፅና ፊደልን በቅደም ተከተል፣ ቀስ ብሎ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ እየተናገሩም እየጻፉም እየዳሰሱም ሲያስተምሯቸው አብዛኞቹ ማንበብ ይችላሉ። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል።

ከዚያ በፊት ግን ዓይንና ጆሮ መታየት አለበት። ጥቁር ሰሌዳው ስለማይታየው ብቻ ሰነፍ የተባለ ልጅ ሞልቷል። ይሄ ደግሞ ለአገልግሎት ክለቦች አዲስ ሥራ አይደለም። ማየትም መስማትም የተሳናት አሜሪካዊት ጸሐፊ ሔለን ከለር እ.ኤ.አ. በ1925 ላየንሶች ስብሰባ ላይ ተገኝታ የዓይነ ስውራን ደጋፊ ሁኑ ብላ ከለመነቻቸው ጀምሮ የዓይን ነገር የላየንሶች ዋና ሥራ ሆኖ ቀርቷል። እኛ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ስር የዓይን ክፍል ያለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለን። የጎደለው ልጆቹን ሰብስቦ የሚወስድ ሰው ነው።

የጅማ ልጅ ሸክም ደግሞ ለየት ይላል። ቤት ኦሮምኛ፣ ገበያ አማርኛ፣ አንዳንዱ ቤት ዳውሮኛ ወይም ከፍኛ ወይም የምኛ ይጨመርበታል። በጆሮው ሁሉንም ይችላል፣ ማሻ አላህ። ወረቀት ላይ ሲመጣ ነው ጉዱ። ቁቤ ላይ «ኤክስ» የምንላት ፊደል «ጥ» ናት። እንግሊዝኛ ላይ ያቺው ፊደል «ክስ» ትሆናለች። «ሲ» ቁቤ ላይ «ጭ» ናት፣ እንግሊዝኛ ላይ አንዴ «ስ» አንዴ «ክ» ነች። ይሄ ሳያንሰው አማርኛው ሌላ ፊደል ይዞ ይመጣል፣ 33 በ7፣ ደ እና ጀ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ በአንዲት ሰረዝ የሚለያዩበት። ጤነኛው ልጅ እንኳ ግራ ይጋባል። ድምፅና ፊደል ማገናኘት የሚቸግረው ልጅ ሦስት ጊዜ ነው የሚወድቀው። የአዲስ አበባ ወይም የውጭ አገር መፍትሔ አምጥቶ እንዳለ መለጠፍ የማይሰራውም ለዚህ ነው፤ ቁቤንም ፊደልንም የሚያውቅ የራሳችን መምህር መሰልጠን አለበት።

ጸሐፊው እነዚህ ልጆች ጥቂት ናቸው ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። አንድም። እነዚህ ሁሉ ዲስሌክሲያ አለባቸው እያልኩ አይደለም፣ እንዳታጣሙብኝ። የሚበዛው መጽሐፍ የሌለው፣ ተርቦ የሚመጣ፣ ክፍሉ የተጨናነቀበት ነው። ግን ለሁለቱም መነሻው መድኃኒት አንድ ዓይነት ነው፣ ድምፅና ፊደልን በሥርዓት ማስተማር። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 4 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ያኔ አገሩ ሁሉ ጮኸ። 12ኛ ክፍል ላይ መጮህ ምን ዋጋ አለው? የሁለተኛ ክፍሉን ማን አየ?

ወደ ልውውጡ ልምጣ። ጅማ ለልውውጥ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1952 የእርሻ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የአሜሪካዋ የኦክላሆማ ሰዎች ናቸው መጥተው ያስተማሩት፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ የሆነው እሱ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ፣ አሁንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሰላም ጓዶች የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች መጥተው አስተምረዋል። የዚያን ጊዜ ተማሪ የነበሩ አባቶች ዛሬም አስተማሪዎቻቸውን በስም እየጠሩ ያወሩላችኋል። ሰው ከሰው ጋር መኖሩ ያስተምራል፣ በዚህ ክርክር የለኝም።

ግን ብዙ ሰው ልውውጥን ነፃ ስኮላርሺፕ አድርጎ ነው የሚያስበው፤ ይሄ መታረም አለበት። የሮታሪውን ብንወስድ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 የሆኑ ልጆች ናቸው የሚሄዱት። ረጅሙ አንድ የትምህርት ዓመት ነው፣ አጭሩ ከጥቂት ቀን እስከ ሦስት ወር። ልጁ ሰው ቤት ነው የሚያርፈው፤ ረጅሙ ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ጋር ይዘዋወራል። ተቀባዩ ቤተሰብ መኝታና ምግብ ይችላል፣ አይከፈለውም። ትኬቱን፣ ኢንሹራንሱን፣ የቪዛውን ጣጣ የሚችለው የልጁ ወላጅ ነው። እስቲ ይሄን ጊንጆ ወይም ቦሳ አዲስ ላለ የቀን ሠራተኛ ንገሩት። ክለቡ የትኬት ፈንድ ካላዘጋጀ በቀር የሚሄዱት እነማን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። አንደኛ የወጣው አይደለም የሚሄደው፤ አባቱ ያለው ነው።

ለልውውጥ የሚሄዱት ልጆች በክፍል ደረጃቸው ብቻ ይመረጡ የሚለው ሐሳብም አልተዋጠልኝም። ሰው ቤት ገብቶ መኖር፣ ቋንቋ መልመድ፣ ሳይኮርፉ ባዕድ ምግብ መብላት፣ እነዚህ በካርድ ላይ አይታዩም። ሦስት ቋንቋ የሚናገር፣ ከማንም ጋር ተግባቢ የሆነ፣ ፈተና ላይ ግን ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ከመጀመሪያው ለምን ይሰረዛል? ይወዳደር።

አሁን ጸሐፊው ያላየው ነገር አለ። ሁለቱ ሥራዎች ተቀናቃኞች አይደሉም፤ አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል። የሮታሪ ፋውንዴሽን ግሎባል ግራንት የሚባል፣ ለፕሮጀክት የሚሰጥ የድጋፍ ገንዘብ አለው። ከሚደግፋቸው ሰባት መስኮች አንዱ መሠረታዊ ትምህርትና ማንበብ መጻፍ ነው። ፕሮጀክቱ ቢያንስ 30,000 ዶላር መሆን አለበት። ደግሞም ክለቡ ለብቻው አያገኘውም፣ ሌላ አገር ያለ አጋር ክለብ ያስፈልገዋል። አጋሩ ከየት ይመጣል? ልጁን አሳድረንለት ልጃችንን ካሳደረልን ክለብ ነው እንጂ ከየት ይመጣል? በዚሁ ገንዘብ የባለሙያ ቡድን መላክና መቀበልም ይቻላል። ማለትም ዲስሌክሲያ ያለባቸውን ልጆች ማስተማር የሚያውቁ ሰዎች ጅማ መጥተው የኛን መምህራን ሊያሰለጥኑ፣ የኛም ሄደው ሊያዩ ይችላሉ። እንደኔ እንደኔ መጀመሪያ መሄድ ያለባቸው መምህራኑ ናቸው። አንድ ተማሪ ሄዶ ሲመለስ አንድ ሰው ተለወጠ። አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ሠልጥና ስትመለስ በየዓመቱ አዲስ ክፍል ሙሉ ልጅ ይጠብቃታል።

ገንዘቡ እስኪመጣ ቁጭ ማለት የለብንም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት እያለ ተማሪዎቹን በየቀበሌው ያሰማራል። ሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም) ስንል እዚህ ሁላችንም እናውቀዋለን። መጠይቅ ይዘው በራችንን ያንኳኳሉ፣ ውኃችሁ ከየት ነው፣ ሽንት ቤታችሁ ምን ዓይነት ነው ይሉናል። (የኔን ግቢ ሽንት ቤት ያልመዘገበ የሕክምና ተማሪ ያለ አይመስለኝም።) መጠይቁ ላይ አንዲት ጥያቄ ቢጨመርስ? ቤታችሁ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል የደረሰና ማንበብ ያልቻለ ልጅ አለ ወይ? ልጁ ካለም አጭር ጽሑፍ አስነብበው የዓይን ምርመራ ወረቀት ይስጡት። የመምህራን ኮሌጁም እዚሁ ነው፤ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ዕጩ መምህራን ከሰዓት በኋላ ትንሽ ትንሽ ልጆች ይዘው ቢያስነብቡ እነሱም ይማሩበታል።

ይሄ አገር ውስጥ ከአንድ ሰው ተነስቶ ትልቅ የሆነ ነገር አይተናል። ነፍሳቸውን ይማርና ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ኦቲዝምና እኔ የማወራው ነገር የተለያዩ ናቸው፣ አውቃለሁ። ግን ያኔ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ስንት ነበር?

ስለ ክለቡ ራሱ የሚወራ ሐሜትም አለ፣ ሀብታሞች ሆቴል ተሰብስበው ማኪያቶ የሚጠጡበት ነው ይባላል። ሐሜቱ ከሜዳ አልመጣም፣ እንዲያ የሚያደርጉም አሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው የላየንሶችን ደንብ ብንይዝ ጥሩ ነው። እነሱ ከሕዝብ የተሰበሰበን ገንዘብ ለክለቡ አስተዳደር አይነኩም፤ የአባላት መዋጮ ለብቻ፣ የአገልግሎቱ ገንዘብ ለብቻ ሒሳብ አለው። ማኪያቶውን እያንዳንዱ ከኪሱ ይጠጣ። ሒሳቡም እንደ እድር በየዓመቱ በአደባባይ ይነበብ።

ሮታሪ አዲስ አበባ ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ ኖሯል፤ እዚያ ያላችሁ አባላት ይሄን አምድ ካነበባችሁ ሁለት ነገር መልሱልን። ለልውውጥ የምትመርጡት በምን ነው፣ ትኬት መክፈል የማይችለውን ልጅስ እንዴት ታደርጉታላችሁ? ለሚቀጥለው ስብሰባችን መልሱ ቢደርሰን ክርክሩ ያጥርልናል። እኔ በበኩሌ የቁቤና የፊደል ካርዶቹን ከሱቄ በነፃ እችላለሁ፤ ማስነበቢያ ቦታ ያለው ሰው ካለ ሱቅ ብቅ ይበል።

አንባቢያችሁ፣
ከጅማ መርካቶ