የእማ ቁጥሮች

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 20

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምክ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ጠፍቼ አሁን ብቅ ስል ብትቆጣም እውነትህን ነው። ሲቆይ መደወሉ ያሳፍራል፤ ባፈሩ ቁጥር ደግሞ ይቆያል።

እማ ግፊት ተገኘባት። ደሴ ሐኪም ቤት 168 በ98 ተባለች፤ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ፣ ነጭ ጋውን እያየች ነው እንግዲህ። ሐኪሟ መድኃኒት አስጀመረቻትና፣ የክንድ መለኪያ ግዙላት፣ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለቴ ተለክታ በቴሌግራም ላኩልኝ አለች። «ስልክ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆነ?» ብላ እማ ሳቀች።

የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ጉድ ነበር። ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እማ ጋ ስሄድ ምስጢሩ ተገለጠልኝ፤ የጎረቤት ልጅ ማሰሪያውን ሹራቧ ላይ ጠቅልላ፣ አቦል እየተጠጣ፣ እማ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያማረረች ነው የምትለካት። አሁን ከቡና በፊት ሆነ፤ ሽንት ቤት ደርሳ መጥታ፣ ጀርባዋን ተደግፋ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብላ (ከሁሉ የከበዳት ይሄ ነው)፣ ባዶ ክንዷን በልቧ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ። የመጀመሪያውን ቀን ትተን የቀረውን ደምረን ስናካፍል 146 በ88 መጣ። ሐኪም ቤት 140 በ90 የሚባለው ድንበር እቤት ሲለካ 135 በ85 ነውና፣ ሐኪሟ አሁንም ከፍ ያለ ነው ብላ የግፊት መድኃኒቷን አምሎዲፒኑን ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም በስልክ አሳደገችው። እግሯ ሲያብጥ ፎቶ ላክንላት፤ ወደ 5 መለሰችና ሌላ መድኃኒት ጨመረችበት። 180 በ120 ካለፈና ደረቷን ካመማት ግን ፎቶ የለም፣ ባጃጅ ነው ብላናለች።

ባለፈው ማክሰኞ የመለኪያው ቁጥር ፎቶ ሳይመጣ ቀረ። ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ፈረቃዬን ጥዬ በዚያ ጉም ሐረጎን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ብደርስ ለካ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሞቷል፤ እሷ ቡናዋን ትቆላለች። «ለአንድ ቀን ነው እንዲህ የሆንከው?» አለችኝ። ወላሂ ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ።

አባትህም ግፊት አለባቸው፣ የሚለኩትም የእጅ አንጓ ላይ በሚታሰረው ነው ሲሉ ሰማሁ። የክንዱ ይሻላል። ክንዳቸው እንደ ድሮው ወፍራም ከሆነ ግን ጠባብ ማሰሪያ ቁጥሩን ያለ ልክ ያስበዛዋል። እስቲ በልብስ ሰፊ ሜትር፣ በትከሻና በክርናቸው እኩሌታ ላይ ዙሪያውን ለካና ላክልኝ። ልኩን ገዝቼ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ መኪና እልካለሁ።